በሌለንበት ስላዳናችሁን እናመሰግናለን

ይድረስ ለክቡር ኢንጂነር ራንጌል ቦያኖቭ፣
የወረዳው የኑክሌር አደጋ ዝግጁነት ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣

ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ የቢሮዎ ሠራተኞች፣ ያ ሌት ተቀን ማስታወቂያ የሚያትመው ማሽናችሁ ሳይቀር እንደምን ሰንብተዋል? እኛ የዶልና ራኪታ ነዋሪዎች፣ ወረርሽኙ ከመካከላችን ጥቂቶቹን ከመውሰዱ በቀር፣ በኮሚቴዎ ጥረት ደኅና ነን። ከሁሉም በላይ ደግሞ ባለፈው ጥቅምት መንደራችንን በሙሉ፣ አንድ ሰው ሳይቀር፣ ከኑክሌር አደጋ በሰላም እንዳወጣችሁልን ዘግይተንም ቢሆን ስለሰማን፣ እንዲህ ያለ ውለታ ተውሎልን ዝም ብንል ነውር ነው ብዬ ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ እንዲያወጡልኝ ለምኛለሁ።

እኔ ዳፊንካ ቤሼቫ እባላለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በኃይል ማመንጫ ጣቢያው የሠራተኞች ምግብ ቤት ወጥ ሠሪ ነበርኩ። እርስዎም ገና ጢም ያላወጡ ወጣት መሐንዲስ ሳሉ ሩዝና ሥጋ የተሞላውን ቃሪያዬን በልተው ሲያበቁ ሳህንዎን ይዘው ተመልሰው፣ "እትዬ ዳፊንካ፣ ድጋሚ ይኖር ይሆን?" ይሉኝ እንደነበር አይክዱኝም። ስለ ጣቢያው ክፉ አልናገርም። ልጆቼን ያሳደግኩት በእሱ እንጀራ ነው፤ ሲመሽ መብራቱ በመስኮቴ ሲታየኝ እንደ ጎረቤት ነው የማየው። ነገር ግን የጎረቤት ቤት እሳት ቢነሣበት በየት በኩል እንደምንወጣ ማወቁ ጥላቻ አይደለም፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ቅሬታ የሚለው ቃል በእርስዎ ፊት ስለሚከብደኝ፣ ምስጋናዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ልምምዱን ስላራዘማችሁልን እናመሰግናለን።

ከጣቢያው ርቀው የሚኖሩ አንባቢዎች እንዳይደናገሩ ላስረዳ። በየዓመቱ ወይኑ ከተለቀመ በኋላ የአደጋ ማስጠንቀቂያው ሳይረን ይጮኻል። እኛም መስኮታችንን ዘግተን፣ ምድጃችንን አጥፍተን፣ ለጨረር መከላከያ የሚሰጠንን የአዮዲን ኪኒና ይዘን በአውቶቡስ ማቆሚያው እንሰበሰባለን። ቢጫው አውቶቡስ መጥቶ ወደ ስሬድና ሞጊላ ከተማ ትምህርት ቤት ይወስደናል፤ እዚያ ተቆጥረን፣ ሾርባ ጠጥተን፣ የሾርባውን ጨው ማነስ አምተን እንመለሳለን። በቃ፣ ይኸው ነው። ታዲያ በዚህች ቀላል ነገር ውስጥ በየዓመቱ አንድ ጉድ ሳናገኝ ቀርተን አናውቅም። አንዱን ዓመት ነፋሱ ከዳኑብ ወንዝ በኩል ሲነፍስ ሳይረኑ በታችኛው ሰፈር ጭራሽ እንደማይሰማ አወቅን። ሌላውን ዓመት የትምህርት ቤቱን ቁልፍ የያዘው ዘበኛ የእኅቱን ልጅ ሊድር ሄዶ፣ ከጨረር አምልጠን መጥተን በዝናብ በሰበስን። ቁልፉም ሁለት ሆነ፣ ሳይረኑም ሌላ ተጨመረ። ልምምድ ማለት ስሕተት ሰው ሳይገድል የሚታይባት አንዲት ቀን ናት ክቡርነትዎ፤ እርስዎ ግን ይህን ከእኔ እንደማይማሩ አውቃለሁ።

ከዚያ ወረርሽኙ ገባ። የመጀመሪያው ማስታወቂያችሁ "በአንድ አውቶቡስ መሳፈር ለጤናችሁ አደገኛ በመሆኑ ልምምዱ ተራዝሟል" ሲል እኔ ራሴ ደግፌአችኋለሁ፤ ሾርባ ለመጠጣት ብሎ የሚሞት ሰው የለም። በዓመቱ ደግማችሁ ስታራዝሙት ግን ያው ሕዝብ በየሐሙሱ ወደ ስሬድና ሞጊላ ገበያ በሚሄደው መኪና ውስጥ ዶሮና ጎመኑን ታቅፎ ትከሻ ለትከሻ ተጨናንቆ ይጓዝ ነበር። ምርጫ በመጣ ጊዜም በዚያው ትምህርት ቤት ተሰልፈን መርጠናል፤ ያን ዕለት ለጤናችን የሰጋ አልነበረም። ቫይረሱ ለካ ገበያና ምርጫ ያከብራል፣ የሚጠላው ልምምድ ብቻ ነው! ደግሞስ እኛ ቤታችን እንድንቀመጥ ሲነገረን ለጣቢያውስ ተነግሮት ይሆን? "ዘንድሮ ወረርሽኝ ስላለ አደጋዬን ለከርሞ አቆየዋለሁ" ብሎ ቃል ገብቶላችሁ ከሆነ እኛም ብንሰማው ልባችን ባረፈ ነበር።

ሁለተኛ፤ ለባለቤቴ ስለመደባችሁት ልዩ መኪና እናመሰግናለን።

ባለቤቴ ጌንቾ ግራ ጎኑ አልታዘዝ ካለው ሰነባብቷል፤ ከአልጋ ወደ ወንበር እንጂ ከወንበር ወደ ደጅ በራሱ አይወጣም። ቤታችን ደግሞ በቀጭኗ ዳገታማ መንገድ ጫፍ ላይ ነው። ኮሚቴው እንደ እሱ ላሉት ቃሬዛ ያለው ልዩ መኪና መድቧል፤ እግዜር ይስጥልን። መኪናው የቴሌቪዥን ጋዜጠኞች በመጡበት ዓመት አንድ ጊዜ መጥቶ፣ ከመንገዳችን ስፋት ይልቅ የእሱ ስፋት እንደሚበልጥ አይቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ ተመልሷል። ከዚያ ወዲህ ዐይኑን አላየነውም።

ጌንቾን ያወጣው የነበረው የአውቶቡሱ ሹፌር ቬሊዛር ፔንቼቭ ነው። ማንም አላዘዘውም። አውቶቡሱን ማቆሚያው ላይ ትቶ፣ ዳገቷን እያለከለከ ወጥቶ፣ በጌንቾ ወንበር ፊት ቁጢጥ ይልና፣ "ና እንግዲህ ጋሼ ጌንቾ፣ ውጣ!" ይለዋል። አዝሎት ሲወርድ የሁለቱ ጭቅጭቅ እስከ ዳቦ ቤቱ ይሰማ ነበር።

"እትዬ ዳፊንካ፣ አምና ከዚህ ይቀል ነበር እኮ! ምን እያበላሽው ነው?"

"ዝም ብለህ ተራመድ! በቅሎ እንኳ እንዳንተ አያወራም" ይለዋል ጌንቾ ከጀርባው ላይ ሆኖ።

"በቅሎ ብሆንማ እዚችው ጥዬህ ሣር እግጥ ነበር። ለከርሞ ሁለት ሳምንት ሾርባ ብቻ፣ ሰማህ? አለዚያ አልሸከምም።"

ጌንቾ ታዲያ ልምምዱ ሲቃረብ ይባስ ብሎ ነበር የሚበላው፤ ቬሊዛርን ለማብሸቅ። ዓመቱን ሙሉ ከቤት የማይወጣ ሰው ያቺን አንዲት ቀን በሰው ትከሻ ላይ ሆኖ መንደሩን ቁልቁል ያይ ነበር። ልምምዳችሁ ለእናንተ ልምምድ ነው፤ ለእኔ ባል ግን ዓውደ ዓመቱ ነበር።

ቬሊዛርን አምና ኅዳር ላይ ያ በሽታ ወሰደው። ትንፋሽ አጠረኝ ብሎ ሆስፒታል በእግሩ ገባ፤ በእግሩ አልወጣም። የሞቱን ማስታወቂያ ከነፎቶው እንደ ወጉ በቤቱ በር፣ በዳቦ ቤቱና በአውቶቡስ ማቆሚያው ለጠፍን። በማቆሚያው ያለውን ባለቤቱ ኔዳ ራሷ ናት የለጠፈችው፤ "ዕድሜውን የቆመው እዚህ ነው" ብላ። በአርባው አደስነው፣ በመንፈቁም አደስነው። ሰው ሁሉ መኪና ሲጠብቅ ከእሱ ጋር ነው የሚጠብቀው።

ሦስተኛ፤ በሌለንበት ስላዳናችሁን እናመሰግናለን።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ኮሚቴው ልምምዱን ለሦስተኛ ጊዜ ከማራዘም ይልቅ "በጠረጴዛ ላይ" እንዳካሄደው ያወቅነው ከተጠናቀቀ በኋላ ነው። ለካስ እናንተ በስብሰባ አዳራሽ ካርታ ዘርግታችሁ፣ ማስካችሁን አድርጋችሁ፣ ተራርቃችሁ ተቀምጣችሁ፣ እኛን ከቤታችን አውጥታችሁ፣ አሳፍራችሁ፣ ቆጥራችሁ፣ ሾርባ አጠጥታችሁ መልሳችኋል። እኔ በዚያ ቀን ግቢዬ ውስጥ ለብርዱ ወራት የሚቀመጥ ቃሪያ እየጠበስኩ ነበር። መዳኔን ማን ይንገረኝ? ጌንቾ ሲሰማ፣ "ወይ ጉድ! ታዲያ የት ወሰዱኝ? መቼም ሬዲዮ ያለበት ክፍል ሰጥተውኝ ይሆናል" አለ።

የምሥራቹን ያበሠረን በማቆሚያው የተለጠፈው ማስታወቂያችሁ ነው። ልምምዱ "በከፍተኛ ስኬት" መጠናቀቁን፣ የዶልና ራኪታ ነዋሪዎች "መንቀሳቀስ የማይችሉትን ጨምሮ" በሰላም መውጣታቸውን ይገልጽና በመጨረሻ እንዲህ ይላል፦ "ኮሚቴው የመንደሩ ተመዳቢ ሹፌር አቶ ቬሊዛር ፔንቼቭ ላሳዩት ቅልጥፍና የላቀ ምስጋናውን ያቀርባል።"

ክቡር ሆይ፣ ማስታወቂያውን የለጠፈው ሰውዬ ከከተማ በመኪና መጥቶ፣ ሙጫውን ቀብቶ፣ ቸኩሎ ሄዷል። የለጠፈው የት ላይ መሰልዎ? በቬሊዛር የሞት ማስታወቂያ ላይ። ወረቀታችሁ የፎቶውን ከዐይን በታች፣ ስሙንና የሞተበትን ቀን ሸፍኖት፣ ከላይ ቆቡና ሁለት ዐይኖቹ ብቻ ቀሩ፤ ማስክ ያደረገ ይመስላል። በእነዚያ ዐይኖቹ የራሱን ምስጋና ቁልቁል ያያል። እኔ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣብኝ፤ እውነቱን ልንገርዎ፣ እንባው በለጠ።

ስሕተት ይሆናል ብዬ ወደ ኮሚቴው ጽሕፈት ቤት ደወልኩ። ያነሣልኝ ልጅ እጅግ ጨዋ ነው፣ እናቱ ትባረክ።

"እሜቴ፣ ባለቤትዎ በሰላም ወጥተዋል፤ አይሥጉ" አለኝ።

"እዚህ አጠገቤ ተቀምጦ ጎመን እየበላ ነው ልጄ።"

"በልምምዱ ማለቴ ነው እሜቴ።"

"በልምምዱስ ማን አወጣው?"

"ሹፌሩ፣ አቶ ቬሊዛር።"

"ቬሊዛርን እኮ ከቀበርነው ዓመት ሊሞላው ነው!"

ልጁ ወረቀት አገላበጠና፣ ላስቀይመው ባልፈራ ኖሮ እዚያው የሚያስጮኸኝን ቃል ተናገረ፦ "እሜቴ፣ በልምምዱ የሞተ ሰው የለም።"

እውነቱን ነው። በእናንተ ልምምድ የሞተ የለም፣ የታመመም የለም፣ ዳገትም የለም። እኛም እዚያው ብንኖር በወደድን፤ ግን አድራሻችን እዚህ ሆነብን።

አራተኛውን ጌንቾ ካልጻፍሽው ብሎኝ ነው።

በሌለንበት ስለዳንን፣ ባለንበትስ እንድን እንደሆነ እንይ ብለን ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የራሳችንን ልምምድ አደረግን። ሳይረኑ የእናንተ ስለሆነ አልነካነውም፤ የመንደራችን ቄስ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ፈቀዱልን። መመሪያችሁን ግን አንዲት ሳናጎድል አከበርን፦ ማስክ አደረግን፣ ሁለት ሁለት ሜትርም ተራራቅን። ጌንቾን ሊሸከሙ ፈቃደኛ የሆኑት ጎረቤቶቻችን ሎዛንና ኢስክሬን ናቸው፤ ሁለቱም ሰባን ያለፉ፣ ሁለቱም ጎበዝ ነን ባዮች። ሁለት ሰው አንድ ወንበር ይዞ ደግሞ እንዴት ሁለት ሜትር ይራራቃል? ሎዛን ዘዴ አያጣም። የወጥ ቤቴን ወንበር ከፕለም ፍሬ መልቀሚያው መሰላል መሐል ላይ አሰረው። ከፊት ሎዛን፣ ከኋላ ኢስክሬን፣ መሐል ላይ ጌንቾ እንደ ታቦት። ወረርሽኙን በሚገባ ድል አደረግነው።

ያላሰብነው በመንገዳችን መሐል፣ የውኃ ምንጩ ጋ ያለችውን ኩርባ ነው። መሰላሉ አልታጠፈም። ወደፊት ቢሉት ግንብ፣ ወደኋላ ቢሉት የሎዛን አጥር። ሲገፉ ሲጎትቱ የኢስክሬን ወገብ ቀጭ አለና እዚያው ጎበጠ። ጌንቾ ከላይ ሆኖ፣ "ኧረ አውርዱኝ እናንተ ሰዎች! በዚህ አያያዛችሁ ጨረሩ ደርሶ ይመለሳል!" ይላል። ኢስክሬን ጎብጦ እንዳለ፣ "ዝም በል! አሁን እኔንም የሚሸከም ፈልግ" ይለዋል። አንድ የሚወጣ ሰው ይዘን ተነሥተን ሁለት ሆኑብን። በማቆሚያው የተሰበሰቡት ደግሞ አውቶቡስ ይመጣ ይመስል የቬሊዛርን ዐይኖች ሲያዩ ቆይተው፣ አንድ በአንድ ወደ ምሳቸው ተመለሱ።

ልምምዳችን ወደቀ ክቡርነትዎ። የእናንተ በከፍተኛ ስኬት ተጠናቀቀ፣ የእኛ ምንጩ ጋ ቀረ። ግን የእኛው እውነቱን ነገረን፦ ሳይረኑ ዛሬ ቢጮኽ ጌንቾ አይወጣም።

እዚህ ላይ ቀልዴን ላቁም። ከዚያ እሑድ ወዲህ ባለቤቴ ዳቦውን ለሁለት እየቆረሰ ግማሹን ይመልሳል። ቬሊዛር ስንት ዓመት ለምኖት ያልሰማውን ምክር አሁን ሰማ። "አሞሃል?" ብለው፣ "ለኢስክሬን ወገብ ብዬ ነው" አለኝ እየሳቀ። ቀጠለና ሳይስቅ፣ "ዳፊንካ፣ ሳይረኑ ከጮኸ አንቺ ሂጂ። እኔን አትጠብቂኝ" አለኝ። "አፍህን ዝጋና ሾርባህን ጠጣ" አልኩት። ወጥ ቤት ገብቼ ግን አለቀስኩ። ፈርቻለሁ ክቡርነትዎ። ጣቢያውን አይደለም የምፈራው፤ እናንተ ሥራውን በሚገባ እንደምትሠሩ አይቻለሁ፣ አብልቻችኋለሁም። የምፈራው ያቺን ቀን ነው፤ ባሌን ወንበሩ ላይ ትቼ ዳገቷን ብቻዬን የምወርድባትን። ደግሞም አልወርዳትም። እንግዲህ በካርታችሁ ላይ ሁለት ሰው ቀንሱ።

ልመናዬ ረጅም አይደለም። አንድ ሹፌር ስጡን፤ በሕይወት ያለ ቢሆን እንመርጣለን፣ ጀርባው ጠንካራ ቢሆን ደግሞ እንመርቀዋለን። በመንገዳችን የሚገባ፣ ከመንገዳችን የሚጠብ ቃሬዛ ላኩልን። መጨናነቁ ካሠጋችሁ አውቶቡሱ መስኮቱን ከፍቶ ሁለት ጊዜ ይመላለስ፤ ሾርባውም ይቅር፣ ድሮም ጨው አልነበረውም። ብቻ ሳይረኑን አስጩኹና ኑ፣ ቁሙና እዩን። እርስዎ ራስዎ ቢመጡልኝ የሚወዱትን ቃሪያ እሠራልዎታለሁ፤ ድጋሚም አለ። ከዚያ በፊት ግን ጌንቾን በመሰላሉ አንድ ጫፍ ይዘው እስከ ምንጩ ድረስ ያደርሱልኛል።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለኮሚቴዎ የማያልቅ ሙጫ፣ ለጣቢያው የማይናወጥ ጤና፣ ለእኛም ከጠረጴዛ ወደ መሬት የሚወርድ ዕቅድ እየተመኘሁ፣ በአካልም በወረቀትም የእርስዎው አክባሪ፣

ዳፊንካ ቤሼቫ
ከዶልና ራኪታ፣ ከዳገቷ ጫፍ

ከፈረምኩ በኋላ የታወሰኝ፦ የመጪው እሑድ የቬሊዛር ሙት ዓመት ነው። የስንዴ ንፍሮ ቀቅለን፣ አዲሱን የሞት ማስታወቂያ በማቆሚያው እንለጥፋለን። ኔዳን "የኮሚቴውን ምስጋና እንላጠው ወይ?" ብላት፣ "ተዉት፣ ደግ ነገር ነው የጻፉለት" አለችኝ። አንዲት ጥያቄ ብቻ አድርሺልኝ ብላ ለምናኛለችና አደራዋን እነሆ፦ እናንተ በጥቅምት ስላያችሁት፣ መንደሩን ሁሉ በሰላም አድርሶ ከተመለሰ፣ እራቱን ስንት ሰዓት ላይ ታሙቅለት?